ዜሮ የሞላሁባት ጳጉሜ

ጥቅምት 5፣ ጠዋት 4 ሰዓት

የኀዘን መግለጫ!

ለሐይቅ ከተማ ነዋሪዎችና ለመላው የአምባሰል ሕዝብ፦ አሥራ ሦስተኛዋ ወራችን ጳጉሜ፣ ባደረባት ድንገተኛ የኮምፒውተር ሕመም፣ ዛሬ ጠዋት በተወለደች በአምስት ቀኗ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። ቀብሯ በቢሮአችን ተፈጽሟል። እዝን ማምጣት ይቻላል። ለእኔ።

አትደንግጪ ደብተሬ። ገዳይዋ እኔው ነኝ። ሰዓዳ ሻይ ልታመጣ ወጥታለች፤ እስክትመለስ ልንገርሽ።

ከውጫሌ በላይ፣ ከአምባሰል ተራራ ሥር አንድ መንደር አለ። እዚያ ጋሽ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ የዝናብ መለኪያ ቆሟል። ቆርቆሮ ነገር። ጋሽ ይማም በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውሃ በመለኪያ ብርጭቆ ይለካሉ፣ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ለአንድ ወር አንድ ወረቀት። የስንትና ስንት ዓመቱ ወረቀት በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ሐይቅ ድረስ መጣና እኛ ጠረጴዛ ላይ ተዘረገፈ። እኛ ማለት እኔና ሰዓዳ ነን። የኮንትራት ጸሐፊዎች። እሷ ዲፕሎማ አላት። እኔ አሥረኛ ክፍል አለኝ፤ እሱንም ግማሹን። ጣቴ ግን ከዲፕሎማዋ ይፈጥናል።

እኛ የጻፍነውን አቶ ጌትነት የሚባል ባለሙያ ለአንድ ፕሮግራም ያበላዋል። ከደሴ ነው የመጣው። መነጽሩ የሚኖረው አፍንጫው ጫፍ ላይ ነው። (ከእንግዲህ ጌ. ብቻ ነው የምለው፤ ቀለም ይቆጠብ።) ፕሮግራሙ የቀን በቀኑን ዝናብ ተቀብሎ ጽንፉን ያወጣል፦ በየዓመቱ ከሁሉ የበዛው የአንድ ቀን ዝናብ ስንት ነበር፣ ጠብ ሳይል ተከታትሎ ስንት ቀን ሄደ፣ እንዲህ እንዲህ። ጌ. የአየር ጠባይ ጽንፍ ይባላል ብሎ አስረዳን። የእናቴን ጠባይ ስለማውቅ ወዲያው ገባኝ።

ችግሩ ወረቀቱ በእኛ አቆጣጠር፣ ፕሮግራሙ በፈረንጅ መሆኑ ነው። ጌ. የሚመነዝር ሰንጠረዥ ሠራልን፤ በግራ የእኛን ቀን ስጽፍለት በቀኝ የፈረንጁን ይሰጠኛል። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ሰላም። ጳጉሜ ላይ ስደርስ ቀላ! ወር 13 ብል ቀይ። በቀኝ በኩል የጎደሉትን አምስት ቀኖች ባዶ ብተዋቸው ቀይ። ጌ. ደሴ ሄዷል፣ ስልክ አያነሳም። ሥራው ደግሞ እስከ ማታ ይለቅ ብሏል። ምን ላድርግ? ዜሮ ሞላሁባቸው። አረንጓዴ! እንደ መስከረም ሜዳ አረንጓዴ! የሁሉንም ዓመት ጳጉሜ በዜሮ ሞላሁ። ነገሥታት ያልሞከሩትን፣ እኔ ብርቄ፣ በግማሽ አሥረኛ ክፍል።

ሻይ መጣ።

ከሰዓት 8

የቀብሩ ተከታይ። የጳጉሜ ወረቀቶች ግማሽ ግማሽ ገጽ ናቸው፤ ለብቻቸው አንድ እስር ሆነው ቀሩ። ምሳ ሰዓት ይዤያቸው ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ቆሮሶ አሳ የምትጠብሰው ሴትዮ መጠቅለያ አልቆባት ስትበሳጭ ደረስኩ። ሰጠኋት። አንድ ትኩስ ቆሮሶ መረቀችልኝ፣ ጭንቅላቱ ሳይቀር።

ሰዓዳ ስነግራት ሣቀች። ከዚያ ሣቋን አቆመች። አይጠይቁም ወይ አለችኝ። ከዓመት ውስጥ አምስት ቀን ማን ይቆጥራል አልኳት።

ጥቅምት 9

ጌ. ተመልሷል። ማውሱ ሥር ወረቀት ለጥፌበት ነበር። ሲያንቀሳቅሰው እምቢ አለው፤ ዞር ሳይል ብርቄ! አለ። አውቆኛል፣ ምን ዋጋ አለው።

ፋይሉን ዛሬ ጫነው። እኛ ከጀርባው ቆመን አየን። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ይመረምራል፦ ከዜሮ በታች የሆነ ዝናብ አለ ወይ፣ የተደገመ ቀን አለ ወይ፣ የጎደለ አለ ወይ። ምንም አላገኘም። ጌ. እንዲህ ንጹሕ ፋይል አይቼ አላውቅም ብሎ አመሰገነን። እኔ አንገቴን ቀና አደረግኩ። ሰዓዳ እግሬን ረገጠችኝ።

ከዚያ ውጤቱ መውጣት ጀመረ። ጌ. እያነበበ ይሄዳል። ድንገት ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ።

የክረምቱ መውጫ ላይ፣ በየዓመቱ፣ አንድ ዓመት ሳይዘል፣ አምስት ቀን ጠብ አይልም!

ይሄ ትልቅ ነገር ነው አለ። ማንም አላየውም አለ። ጽሑፍ አዘጋጅበታለሁ አለ። ስሜን ከምስጋናው ገጽ ላይ ሊያሰፍረው ነው፣ ደብተሬ። የእኔን ስም።

ሣቅኩና ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ። ቀድቼ መልሼ ደፋሁት።

ጥቅምት 10

ምንም አይደለም። አምስት ቀን ነው። አንድ ጽሑፍ ሼልፍ ላይ ቢቀመጥ ማን ይሞታል።

ጥቅምት 14፣ ከሰዓት 10

ደብተሬ፣ ቸኩዬ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ ካላማረ ይቅር በይኝ።

ጋሽ ይማም መጡ። በአካል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ኩፍያ፣ ከመንደራቸው ሁለት ሰው አብሯቸው። እኔ ዛሬ ነው ያየኋቸው፤ ስድስት ወር ግን የእጅ ጽሑፋቸውን ሳነብ ኖሬያለሁ።

የመጡበትን ስሚ። ከመንደራቸው በታች አንድ ፈፋ አለ። የት/ቤት ልጆች በየቀኑ ይሻገሩታል። እዚያ ላይ ቱቦ ተቀብሮ ከላዩ መንገድ ሊሠራ ነው። የቱቦው ስፋት የሚቆረጠው በምን ነው? ከሁሉ በበዛው የአንድ ቀን ዝናብ! ከእኛ ፋይል በሚወጣው! እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝ። ወይ ጌ. ሲናገር እኔ የሰዓዳ መታወቂያ ላይ ጺም ስስል ነበር። አዎ፣ ጺም ስስል ነበር።

ጋሽ ይማም የሩፋኤሉን ቀን አገኛችሁት ወይ ብለው ጠየቁ። ትንሹ ልጃቸው አንደኛ ክፍል በገባበት ዓመት፣ ጳጉሜ 3፣ በሩፋኤል ከሰዓት፣ ልጆች ሁሉ በዝናቡ ሊታጠቡ ወጥተው ሳለ ሰማዩ ተቀደደ። ፈፋው አንድ አህያ ከነጭነቱ ወሰደ። በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ይማም መለኪያ ብርጭቆዋን ሰባት ጊዜ ሞልተው ደፉ። ሰባት!

ጌ. በትህትና ወንበር ሰጣቸው። ስክሪኑን አዞረላቸው። ትልቁ ቀን ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ብርጭቆዋ ሦስት ጊዜ ብትሞላ ነው አለ። እሳቸው ያሉትን ቀንም ከፈተላቸው። ዜሮ።

ጋሽ ይማም ጎንበስ ብለው አዩት። ረጅም ጊዜ።

«ዜሮ?»

ጌ. ሰው ሲያስታውስ ነገር ይገንናል፣ የሁላችንም ነው አላቸው። በደግነት ነው ያለው፤ ደግነቱ ነው የባሰው። አብረዋቸው ከመጡት አንዱ ፈገግ አለ።

«ልጄ፣ እኔ በትዝታ አልለካም። በብርጭቆ ነው የምለካ።»

ይህን ብለው ኩፍያቸውን አስተካክለው ተነሡ። ሲወጡ እኔ ጋ ቆም አሉ። የእኔን ጭረት የምታነቢው አንቺ ነሽ? አላህ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ አሉኝ።

ዓይኔን።

ሰዓዳ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። 

ጥቅምት 15፣ ምሳ ሰዓት

ሐይቁ ዳር ሮጥኩ። ሴትዮዋን ያ እስር ወረቀትስ አልኳት። የቱ? አለችኝ። ግማሽ ግማሹ። ኧረ እሱ ያኔውኑ አለቀ፣ ጥሩ ወረቀት ነበር ዘይት ይይዛል፣ ሌላ አለሽ ወይ አለችኝ።

ዳር ዳሩን ፈለግኩ። ከሣሩ ውስጥ አንድ ብጫቂ አገኘሁ፣ ዘይት ጠጥታ ብርሃን የምታሳልፍ። የእሳቸው 7 ቁጥር ናት፣ አንገቷን ሰበር የምታደርገዋ። የየትኛው ዓመት እንደሆነች አይታወቅም። ሌላ ምንም የላትም።

ኪሴ ውስጥ ናት። አሳ አሳ ትሸታለች።

ጥቅምት 17

ዛሬ ተናገርኩ። ስሚኝ፣ እውነቴን ነው፣ ተናገርኩ። ገና ሳልቀመጥ። አቶ ጌትነት፣ ጳጉሜን እኔ ነኝ በዜሮ የሞላሁት አልኩት። ያ አምስት ቀን ድርቅ የእኔ ነው አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ሣቀ! ሆዱን ይዞ ሣቀ።

«ተይ ባክሽ ብርቄ፣ ዛሬስ አልያዝልሽም!»

እየማልኩ ደገምኩለት። በእናቴ። በእስጢፋኖስ። ባሰበት። ባለፈው ወር ከዋናው መ/ቤት ነው የምደውለው ብዬ በሰዓዳ ስልክ ድምፄን አወፍሬ ጠርቼው መኪና እንልካለን አልኩት፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት መኪና ጠበቀ። ያን አልረሳልኝም። ዝናብ መለኪያው ውስጥ እንቁራሪት ወለደች ብዬ ሪፖርት ያስጻፍኩት ጊዜም አለ። እሺ፣ ወረቀቱን አምጪና አሳዪኝ አለኝ ዕንባውን እየጠረገ። የጳጉሜውን ወረቀት።

ለአሳ ሰጥቼዋለሁ አልኩ።

ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። ለጠባቂው ሳይቀር አወራለት።

ሰዓዳን መስክሪልኝ አልኳት፤ መሰከረች። እሷንም አበላሸሽብኝ ብሎ ይባስ ሣቀ።

ደብተሬ፣ ሰው ሁሉ በእኔ ነገር ሲሥቅ ማየት እወድ ነበር። አሁን ያስፈራኛል። ጥቅምት 26 ጌ. መንደሩ ድረስ ወጥቶ ቁጥሩን ለሕዝቡ ሊያነብ ነው። ከዚያ ቱቦው ይታዘዛል። ዘጠኝ ቀን።

ጥቅምት 19

ዛሬ ዘነበ። ጥቅምት አጋማሽ! ቀልድ አይደለም። ቆርቆሮአችን ላይ ሲወርድ እናቴ ማሽላው ሳይሰበሰብ አለች። እኔ የሰማሁት ፈፋውን ነው። ከዚህ አይሰማም፣ አውቃለሁ። ሰማሁት።

ያኔ የወሰደው አህያ ነው። አሁን የሚሻገሩት ግን የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ቱቦው ጠባብ ከሆነ ውሃው ከላይ ይወጣል፣ መንገዱ ላይ። ከላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ይሄዳል። ልጆቹ ደግሞ በሩፋኤል ዝናብ ይወጣሉ፤ እንዲወጡ ነው የሚነገራቸው።

አንድ ጊዜ ብቻ አካፍቶ ቆመ። ተመስገን። መቁጠሪያ ቢኖረኝ እቆጥር ነበር።

ጥቅምት 20

አልበላሁም። እናቴ ፍቅር ይዞሻል አለች። ማን እንደሆነ ገምቺ ብላት የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ ጠራች። አምስት ደቂቃ ያህል ተረሳኝ።

ጥቅምት 22፣ ማታ 12 ሰዓት፣ ገና ብርሃን ሳለ

ሄድኩ። ለጌ. ታምሜያለሁ ብዬ (አላመነም)፣ በሚኒባስ ውጫሌ፣ ከውጫሌ በእግር ሽቅብ። ረዳቱ የት ነሽ ሲለኝ ቀብር አልኩት። ነፍስ ይማር ብሎ ከፊት አስቀመጠኝ።

መንደሩ መግቢያ ላይ ልጆች ነበሩ። የጋሽ ይማም ቤት የት ነው አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ።

«የጋሽ ዜሮ ነው?»

ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ ጋሽ ዜሮ፣ ጋሽ ዜሮ እያሉ ከፊቴ ሮጡ። ስም ማውጣት ሥራዬ ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ ካሉት ስሞች ግማሹ የእኔ ናቸው። እንዴት እንደሚጣበቅ አውቃለሁ። ሰውየው ሲሞት እንኳ ለቀስተኛው በዚያ ስም ነው የሚጠይቀው። ካብ ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ይማም መለኪያው አጠገብ ያለውን አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ወዲያው አወቁኝ። ሰባት ቁጥሬና አንድ ቁጥሬ ተመሳስለውብሽ ነው የመጣሽ? አሉኝ። ይኸን ሁሉ ዳገት ለዚያ! ልጃቸውን ጠርተው እርጎ አስመጡልኝ።

እርጎውን ይዤ ነገርኳቸው። ሁሉንም። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ዜሮ። ቆሮሶውንም።

አልጮሁም። አጥሩን ተዉና መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ፊት ለፊቴ።  ይምቱኝ ብዬ ጠበቅኩ።

«ሚስቴ የሞተች ጳጉሜ 2 ነው» አሉ በመጨረሻ። «በማግሥቱ ድንኳኑ በሰው ተሞልቶ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ተነሥቼ ወጣሁ። ሰው የት ነው የሚሄደው አለ። ለካሁ። ጻፍኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። እሱንም ዜሮ ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ ጋሽ ይማም።»

«ያረቢ።»

 ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት ደብተሬ። እርጎው ውስጥ።

ተነሥተው ገቡ። ሲመለሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ትንንሽ የኪስ ደብተሮች። ብዙ። ለካ ዝናቡን መጀመሪያ የሚጽፉት በእነዚህ ላይ ነው፤ መለኪያው ሥር ቆመው። ወደ ወረቀቱ የሚገለብጡት ቤት ገብተው እጃቸውን ካደረቁ በኋላ ነው። ከቁርዓኑ ጎን ነው የሚያስቀምጧቸው። የሩፋኤሉን ዓመት አወጡልኝ። ጳጉሜ 4፣ ጠዋት። ቁጥሩ አለ። ከጎኑ በእርሳስ፦ ሰባት ሞልቶ፣ የስምንተኛው ትንሽ። አሚና አህያዋን አጣች።

ልውሰዳቸው፣ ነገ ለጌ. አሳየዋለሁ አልኩ። እጃቸውን ከላዩ አላነሡም።

«እኔ ዋሾ የተባልሁ በሰው ፊት ነው። አንቺም በሰው ፊት ትናገሪያለሽ። ቁጥሩ የሚነበብ ዕለት ይዤ እመጣለሁ። አብሽሪ፣ አትበዪም።»

አትበዪም አሉኝ። ማን ያውቃል።

ጥቅምት 24

ቀልድ ሞክሬ ነበር። የሰዓዳን ኪቦርድ ገልብጬ አስቀመጥኩት። ቀና አድርጋ መለሰችውና ሥራዋን ቀጠለች። እኔም አልሣቅኩም።

ቢሯችን ፀጥ ሲል ጌ. አመማት መሰለኝ አለ።

ስናገር የሚሆነውን አስቤዋለሁ። አንደኛ፦ ያባርሩኛል። ሁለተኛ፦ የልጆቹ እናቶች ይይዙኛል። ሦስተኛ፦ ጌ. አሁንም ይሥቃል፣ ሕዝቡም አብሮት ይሥቃል፣ ደብተሩን የሚያይ ይጠፋል። ሦስተኛው ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ጥቅምት 25

ነገ ነው። ዳገቱን እየወጣሁ እግሬ ቢሰበርስ? ትንሽ ብቻ። የሚድን።

አይ። እሄዳለሁ።

ጥቅምት 26፣ ከሰዓት 10፣ ከውጫሌ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ

መኪናው ይነጥራል፣ አንብቢኝ እንደምንም።

ት/ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው የተሰበሰብነው። ሰው ሙሉ። ልጆች አጥሩ ላይ እንደ ወፍ። ጌ. ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ፣ ወረቀቱን ይዞ ተነሣ። ስለ ጽንፍ አስረዳ። ከዚያ ትልቁ ቀን ሐምሌ ላይ ነው፣ ስለዚህ አንድ ቱቦ ይበቃል ብሎ ሊያነብ አፉን ሲከፍት ተነሣሁ። አስቤ አይደለም፤ እግሬ ነው የተነሣው።

ስሜ ብርቄ ነው፤ ጋሽ ይማም አልዋሹም፤ ዜሮዋን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ የአምስት ቀኑን ሁሉ፣ የየዓመቱን አልኩ። ድምፄ እንደ ጫጩት ነው የወጣው። ጌ. በሹክሹክታ ብርቄ፣ እዚህ እንኳ ተይ እንጂ አለኝ። ያው የፈራሁት። ኋላ ያሉት መሣቅ ጀመሩ።

ጋሽ ይማም ቀስ ብለው መጡና ደብተሮቹን ላፕቶፑ ላይ አስቀመጡ። 

ጌ. አንዱን ከፈተ። ሌላውን። ሌላውን። ጳጉሜ፣ ጳጉሜ፣ ጳጉሜ። ሁሉም ላይ ውሃ አለ። ከዚያ የራሱን ሰንጠረዥ ከፈተና ወሩ የሚቆምበት ቦታ ላይ አፈጠጠ። አሥራ ሁለት። አንገቱ ድረስ ቀላ። ሰንጠረዡን የሠራው እሱ ነው! ደሴ ተወልዶ፣ በየዓመቱ በሩፋኤል ተጠምቆ፣ ጳጉሜን የረሳው እሱ ነው። እኔ ዜሮ ሞላሁ እንጂ።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጮኹ።

«ጌታው! ወር የሚጥለው ሐበሻ የት ነው የተማረው?»

ሣቁ እንደ በረዶ ወረደ። መጨረሻ ላይ ጌ. ራሱ ሣቀ፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ። ያ የአምስት ቀን ድርቅ ግኝትም በዚያው አበቃለት፤ አሳዘነኝ፣ እውነቴን ነው። ዜሮ ማለት ለካሁ፣ አልዘነበም ማለት ነው ብዬሽ አልነበር? አለኝ። ጺም ስስል ነበር አልኩት። አልገባውም። ተወው።

እዚያው ተሠራ። ጌ. ሰንጠረዡን አስተካከለ። ጋሽ ይማም ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ እያደረጉ አነበቡ፣ እኔ ጻፍኩ። ሚስታቸው የሞተችበት ዓመት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው አልተለወጠም። ትንሽ ነው ያነበቡት፣ ሁለት ሚሊ ሜትር። ጻፍኩት። ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩት።

ጌ. ፋይሉን እንደገና ጫነ።  ትልቁ ቀን ከሐምሌ ተነሥቶ ጳጉሜ ላይ ተቀመጠ። ጌ. ጮክ ብሎ አነበበው፤ ከዚያ ወደ ጋሽ ይማም ዞሮ ይቅርታ አላቸው፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ። ጋሽ ይማም ቀና በል ልጄ ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። አጥሩ ላይ ያሉት ልጆች ምን ብለው እንደሚጠሯቸው ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ።

እናቶቹ? አንዷ መጥታ ያዘችኝ። ጆሮዬን። ጠመዘዘችው፣ ከዚያ እንጀራ አቀበለችኝ። አልተባረርኩም። ጌ. ከእንግዲህ ቀይ ሲልሽ ጠይቂኝ ነው ያለው። እጠይቃለሁ አልኩ። ስልክ ካነሳህ አልኩ።

አሁን ጆሮዬ ይሞቃል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓለም በእኔ እጅ የምታልቅ መስሎኝ ነበር፤ ምግብ አልበላ፣ ደመና ማየት አልችል። ሲጠቃለል ምንድን ነው? ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ጽሕፈት። ፈፋው ላይ በአንድ ፈንታ ሁለት ቱቦ ጎን ለጎን ይቀበራል። በቃ። ከአንድ ቱቦ በላይ አይደለም ደብተሬ፤ ትንሽ ነገር ነበረች።